ማሽኑ ፊት የቆሙት ሴቶች

እናቴ ጡረታ ስትወጣ ከመሥሪያ ቤቷ ይዛ የመጣችው ነገር ብዙ አይደለም። የሻይ ብርጭቆ፣ ወንበሯ ላይ የምትተወው ሹራብና አንድ ወፍራም ክላሰር። ባለፈው ክረምት ክላሰሩን አብረን ስናገላብጥ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አገኘሁት። 28 ዓመት አገልግላለች፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ 11 ዓመታት ኮምፒውተር ላይ ያለፉ ናቸው። ወረቀቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፦ «ታይፒስት»። ከጎኑ ደግሞ «ጽሂ»።

የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህችን ምህፃረ ቃል ያውቃታል። ጽሕፈትና ሒሳብ ማለት ናት። ከእሷ ከፍ ሲል «መፕ» አለ፣ መለስተኛ ፕሮፌሽናል። ከዚያም «ፕሳ»፣ ፕሮፌሽናል ሳይንስ። ደመወዝ የሚቆረጠው በእነዚህ ፊደሎች ነበር፤ ስብሰባ ላይ ማን ይናገራል፣ ማን ቃለ ጉባኤ ይይዛል የሚለውም እንደዚያው።

እማዬ የተማረችው በኦሊቬቲ ነው። የአማርኛ ፊደል ሁሉ አንድ የጽሕፈት መኪና ላይ ስለማይሞላ ብዙው የሚሠራው ተቀጣጥሎ ነው፤ ግንዱ ይመታና ቅጥያው ይጨመርበታል። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ (በእኛ አቆጣጠር 1980ዎቹ መገባደጃ ላይ መሆኑ ነው) ለሳምንታት ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ፤ የሚነካው ጠፋ። የነካችው እሷ ናት። የግዕዙ ፕሮግራም መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለነበር የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር ሲጫን ምን ፊደል እንደሚወጣ እየሞከረች በአንድ ሰማያዊ ደብተር መዘገበች። በዲስኬት የመጣ ደብዳቤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲከፈት ለምን የማይነበብ ዝባዝንኬ እንደሚሆን የደረሰችበትም እሷው ናት፤ ፎንቱ እዚያኛው ማሽን ላይ ስላልተጫነ ነበር። ኋላ ዲግሪ ያለው አንድ ልጅ ለኮምፒውተሩ ተብሎ ተቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «እትዬ፣ ደብተርዎን ለአንድ ቀን ያውሱኛል?» አላት። ፎቶ ኮፒ አድርጎ በማግስቱ መለሰላት። እሱ ፕሳ ነበር።

ይህን የምጽፈው የእናቴን ቂም ለመወጣት አይደለም። እሷ ቂም የላትም፤ ልጁንም እስከ ዛሬ በስሙ እየጠራች ትመርቀዋለች። እኔ ግን ፕሮግራመር ነኝ፤ ወረቀቱን ይዤ ያሰብኩት ስለ ሙያዬ አጀማመር ነው። «ሴቶች ወደ ቴክኖሎጂው እንዲገቡ ምን እናድርግ?» የሚል ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚቀርበው ሴቶች ከውጭ ቆመው በር እንደሚያንኳኩ ተደርጎ ነው። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። ሴቶች ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ያውም ቤቱ ሲሠራ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት አንድ የስሌት ችግር ነበረበት። አዲስ መድፍ ወደ ጦር ሜዳ ሲላክ የተኩስ ሰንጠረዥ አብሮት መሄድ አለበት፤ አፈሙዙ ይህን ያህል ከፍ ሲል፣ ነፋሱ እንዲህ ሲሆን፣ አረሩ የት እንደሚወድቅ የሚናገር ሰንጠረዥ። አንዲት የአረር ጉዞ በጠረጴዛ ማስሊያ ተሠርታ እስክታልቅ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ትፈጃለች፤ አንድ ሰንጠረዥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ብዙ ጉዞዎች ያስፈልጉታል። ወንዶቹ ዘምተዋል። ስለዚህ ሠራዊቱ ፊላዴልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማሩ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። የሥራ መደባቸው መጠሪያ «ኮምፒውተር» ይባል ነበር። አዎ፣ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሰው ሥራ ስም ነው፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው የሴት። ደረጃቸው ከባለሙያ በታች የሚል ነበር፤ ሒሳብ በዲግሪ ጨርሰውም ቢሆን። እንግዲህ ጽሂ በሉት።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህንን ስሌት የሚሠራ ማሽን በምስጢር እየገነቡ ነበር። ኤኒያክ ይባላል። ክብደቱ 30 ቶን፣ በውስጡ 18,000 ያህል አምፖል መሰል ቱቦዎች ያሉት። በ1945 ከሴቶቹ መካከል ስድስቱ ማሽኑን ሥራ እንዲያስይዙ ተመረጡ፦ ኬይ ማክነልቲ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ (ኋላ ጂን ባርቲክ የተባለችው)፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን። ኬይ አየርላንድ ተወልዳ በሕፃንነቷ የመጣች ስደተኛ ናት፤ ጂን የሚዙሪ ገበሬ ልጅ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ዛሬ ፕሮግራም እንጽፋለን ስንል ቋንቋ አለን፣ መጽሐፍ አለን፣ የተሳሳትነውን በቀይ የሚያሰምርልን መሣሪያ አለን። እነሱ ምንም አልነበራቸውም። ማሽኑ ትእዛዝን በውስጡ አያስቀምጥም፤ አንድ ነገር እንዲያሰላ ከተፈለገ ገመዶቹን ከቦታ ቦታ መሰካት፣ መቀያየሪያዎቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ያስፈልጋል። መመሪያ አልተጻፈለትም። ይባስ ብሎ የምስጢር ፈቃዳቸው ስላላለቀ መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ወዳለበት ክፍል መግባት አይችሉም ነበር። የተሰጣቸው የኤሌክትሪክ ንድፉ ነው። ከንድፉ ተነስተው፣ መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፣ ያላዩትን ማሽን አጠኑት። በመጨረሻ ከ18,000ው ቱቦ የትኛው እንደተቃጠለ ለይተው እስከመናገር ደረሱ።

ማሽኑ ለሕዝብ የታየው በየካቲት ወር 1946 ነው። ለትርኢቱ የአረር ጉዞ የሚያሰላውን ፕሮግራም ያዘጋጁት ባርቲክና ስናይደር ናቸው። በዋዜማው ማታ አንድ ነገር እምቢ አለ፤ አረሩ መሬት ከነካ በኋላም ስሌቱ አይቆምም፣ ጥይቱ በወረቀት ላይ መሬት ሰርስሮ ይወርዳል። ሁለቱም ሲታገሉ አምሽተው ወደየቤታቸው ገቡ። ስናይደር ተኝታ ሳለች መልሱ መጣላት፤ በማግስቱ በጠዋት ገብታ አንዲት መቀያየሪያ አንድ እርምጃ አዞረችና ቆመ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ የሁላችንም ሌሊት ነው። የትርኢቱ ቀን አረሩ መሬት ለመድረስ 30 ሰከንድ የሚፈጅበትን ጉዞ ኤኒያክ በ20 ሰከንድ አሰላው። አረሩ ሳይወድቅ መውደቂያው ታወቀ።

የዚያን ዕለት ማታ የክብር እራት ነበር። ሴቶቹ አልተጠሩም። ባርቲክ በኋላ እንደተናገረችው በብርድ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጋዜጦቹ ስለ ማሽኑና ስለ ሁለቱ ፈልሳፊዎች ጻፉ። ጄኒፈር ላይት የምትባል የታሪክ ተመራማሪ በ1999 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዳሳየችው፣ ሠራዊቱ ለምልመላ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ከተነሣው ፎቶ ሴቶቹ ተቆርጠው ወታደሩ ብቻ ቀርቷል። ያልተቆረጡባቸውም ፎቶዎች አሉ፤ እነሱን በ1980ዎቹ ኬቲ ክላይማን የምትባል ተማሪ አየቻቸውና እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው ብላ አዋቂ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ የፍሪጅ ሴቶች ናቸው የሚል ነበር። ያኔ ማስታወቂያ ላይ ፍሪጅ እንዲያምር ከፊቱ የሚያቆሟት ቆንጆ አለች አይደል? እንደዚያ ለማለት ነው። ክላይማን አላመነችም። ፈልጋ አገኘቻቸው፣ ድምፃቸውን ቀዳች፣ በ2022 መጽሐፍ አወጣች። ስድስቱ በይፋ የተከበሩት በ1997 ነው። ሩት ሊክተርማን ከ11 ዓመት በፊት አርፋ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ይህንን ታሪክ የማነበው እንደ መረሳት ታሪክ ነበር። አሁን ግን ከመረሳቱ ይልቅ መጀመሪያውኑ ለምን ለሴት ተሰጠ የሚለው ይበልጥብኛል። የተሰጣቸው ሰው ስላመነባቸው አይደለም። ትልቁ ሥራ ብረቱን መሥራት ነው፣ የቀረው የጸሐፊ ሥራ ነው ተብሎ ስለታሰበ ነው። ማሽኑ የወንድ፣ ማሽኑን ማዘዝ የሴት። ችግሩ የመጣው ማዘዙ ከመገንባቱ የማይተናነስ ከባድ ሥራ መሆኑ ሲታወቅ ነው።

ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ግሬስ ሆፐር በ1952 ለሰው በሚቀርብ መንገድ የተጻፈ ትእዛዝን ወደ ማሽን ቁጥር የሚቀይር ፕሮግራም ሠራች፤ በ1959 ኮቦል የሚባለው የንግድ ሥራ ቋንቋ ሲነደፍ መሠረቱ የእሷ ሥራ ነበር። ባንኩም መድን ድርጅቱም ፕሮግራመር ፈላጊ ሆነ። በ1967 ኮስሞፖሊታን፣ ያው የፋሽንና የፍቅር መጽሔት፣ ለወጣት ሴቶች ይህ የእናንተ ሥራ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ሆፐርም እዚያው ላይ ፕሮግራም ማዘጋጀትን ከእራት ግብዣ ዝግጅት ጋር አመሳስላዋለች።

ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። ጥሩ ፕሮግራመር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1966 አንድ ጥናት አወጡ። 1,378 ፕሮግራመሮችን ጠየቁ፤ ከእነዚህ ሴቶቹ 186 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ፕሮግራመር እንቆቅልሽ ይወዳል፣ ሰው ግን ብዙም አይወድም የሚል ሆነ። ሚዛኑ ለቅጥር ዋለ። በሚዛኑ የተመረጠው ሰው ቀጣዩን መራጭ ሆነ፤ እሱም የራሱን ቢጤ መረጠ። እስካሁን ፊልም ላይ የምናየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ፒዛ ይዞ የተቀመጠ ብቸኛ ልጅ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በከፊል የቅጥር ፈተና ልጅ ነው።

እንግሊዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ዓይን ያወጣ ነበር። ማር ሂክስ የሚባሉት የታሪክ ተመራማሪ በ2017 ያሳተሙት መጽሐፍ በመንግሥት ማኅደር ላይ የተመሠረተ ነው፤ እኔ ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ ዘግቼ ተነሥቻለሁ። አንደኛው እኩል ደመወዝ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ እየጨመረ በ1961 ለሴትና ለወንድ ሠራተኞቹ እኩል ሊከፍል ተስማማ። ማሽን ላይ የሚሠሩት መደቦች ግን ከዚህ ውጪ ተደረጉ። ምክንያቱ? እዚያ መደብ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ስለሆኑ የሚነጻጸሩበት ወንድ የለም፤ ስለዚህ የሴቷ ደመወዝ የሥራው ደመወዝ ነው! ሕጉ አልተጣሰም። እንዲያውም በጥንቃቄ ተጠብቋል።

ሁለተኛው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። በ1959 በመንግሥት የኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ የምትሠራ ፕሮግራመር ዓመቱን ሙሉ መደበኛ ሥራዋን እየሠራች፣ ኮምፒውተር አይተው የማያውቁ ሁለት አዲስ ተቀጣሪዎችን አሠለጠነች። ዓመቱ ሲያልቅ እነሱ ኃላፊ ሆኑ፤ እሷ ከእነሱ በታች ረዳት። ስሟን መጽሐፉ አይናገርም። እኔ ግን በሰማያዊ ደብተር ነው ያየኋት።

ስቴፈኒ ሸርሊ ይህን ጨዋታ በራሱ ሕግ የገጠመች ሴት ናት። በ1939 ከናዚ የሚያመልጡ ሕፃናትን በጫነ ባቡር እንግሊዝ የገባች ስደተኛ ናት። በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል የሶፍትዌር ድርጅት አቋቋመች፤ ሠራተኞቿ ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ከሥራ የወጡ ፕሮግራመሮች፣ ቢሯቸው የገዛ ማዕድ ቤታቸው። ደብዳቤዋን «ስቴፈኒ» ብላ ስትፈርም መልስ አልመጣም፤ «ስቲቭ» ብላ መፈረም ስትጀምር ቀጠሮ አገኘች። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መቅጃ ፕሮግራም ከእነዚያ ማዕድ ቤቶች ነው የወጣው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1975 የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ሴቶችን እያስቀደመች መቅጠሯ ሕገ ወጥ ሆነ፤ እሷም ስትስቅበት ኖራለች።

አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ ነገር ጋርም ቢሆን የሴቶቹ ቁጥር እያደገ ነበር። በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚቀበሉት 37 በመቶው ሴቶች ሆኑ። ከዚያ ወረደ፤ በ2010ዎቹ መጀመሪያ 18 በመቶ ገደማ ደርሷል። በሕክምናና በሕግ ትምህርት ቁጥሩ ሽቅብ ሲሄድ እዚህ ቁልቁል። የሴት አንጎል በ1984 አልተለወጠም። የተለወጠው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተር እየተገዛ የሚገባው ወንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ማስታወቂያውም ላይ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንዱ አሥር ዓመት ነክቶታል፣ አንዷ ገና መንካቷ ነው፤ አስተማሪው ደግሞ የሚያስተምረው ለነካው ነው።

ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር ይህን ያጠኑት በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ ከመቶ በላይ ተማሪዎችን ደጋግመው እያነጋገሩ ነው። በ1995 እዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚገቡት ሴቶቹ 7 በመቶ ነበሩ፤ በ2000 42 በመቶ። ምን ተደረገ? መግቢያው ላይ ቀድሞ ኮድ መጻፍ መቻል ሚዛን መሆኑ ቀረ፤ ለጀማሪና ለነካካ የተለያየ መነሻ ኮርስ ተዘጋጀ። ሃርቪ ማድ የሚባለው ትንሽ ኮሌጅም መነሻ ኮርሱን በዚሁ መንገድ ለሁለት ከፍሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 በመቶ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወጣ። ፈተናው አልቀለለም። ልምድ ከችሎታ ጋር መምታታቱ ነው የቀረው።

እኛ ጋ ነገሩ ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚነካኝ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች ያለፈውን በደል የሚያካክስ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ የሴቶች ነጥብ ዝቅ የሚለውም በዚሁ ነው። እኔም የገባሁት እንዲያ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ። በር ከፈተልኝ። ግን ከበሩ በኋላ ያለው ክፍል እንዳለ ነበር። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ላብ ላይ አስተማሪው «ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» ብሎ አለፈው። የግል ትምህርት ቤት ልጆች ያውቁታል። እኔ ማሽኑን የት ጋ እንደሚያበሩት እየፈለግሁ ነበር፤ ያውም የእናቴ ልጅ ሆኜ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ «በነጥብ ማሻሻያ ነው አይደል የገባሽው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። ከክፋቱ ያ ይሻል ነበር።

ይህ ሁሉ አልፎብኝ ደግሞ ባለፈው ዓመት ያደረግሁትን ስሙ። በምሠራበት ድርጅት ጀማሪ ፕሮግራመሮች ስንቀጥር ጠያቂ ሆኜ ተቀመጥኩ። ቅጹ ላይ አምስት ጥያቄ አለ፣ እያንዳንዱ 20 ነጥብ። የመጀመሪያው «ኮድ መጻፍ የጀመርከው መቼ ነው?» ይላል፤ ለወንድ ተጽፎ። አንዲት ልጅ ገባች፣ ከጎጃም ገጠር። ኮምፒውተር የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው አለች፤ ወደ ጠረጴዛው እያየች። ሰሌዳ ላይ የሰጠናትን ጥያቄ ከሁሉም አሳጥራ ሠራችው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ በቅጹ መሠረት ሞልቼ ነበር። በ4 ነጥብ ወደቀች።

ሰዓት አክባሪ፣ ሕግ አክባሪ ሆኜ ነው ያደረግሁት። ለስሕተቴ ስም ያገኘሁት ወራት ቆይቶ ስለ 1966ቱ ጥናት ሳነብ ነው። ዘንድሮ ያ ጥያቄ ከቅጹ እንዲወጣ አድርጌያለሁ፤ አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ፍላጎት እንዳለው በምን እናውቃለን?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ ክርክሩም ገና አላለቀም። የልጅቷን ስልክ ከማመልከቻዋ ላይ ፈልጌ ደወልኩ። አገልግሎት አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ለእማዬ በዚያው በክላሰሩ ቀን አወራኋት። የፍሪጅ ሴቶቹ ጋ ስደርስ ሳቀች። የእንግሊዟ ጋ ስደርስ ዝም አለች፣ ከዚያ «እሷስ ደብተር ነበራት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጎጃሟ ልጅ ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ስንት ሰጠሻት?»

«ስድስት።»

«ከስንት?»